ቤት ሊያዩ መጥተው ወርቅ ሲጠፋ

ደላላው ሰዎች ይዞ መጣ፣ ቤቱ ታየ፣ ማታ የእናቴ ሀብል የለም። እንዲህ ሲገጥማችሁ የተከፈተውን መሳቢያ አትነካኩት፤ አሻራ ሊኖርበት ይችላል። ደላላው ጋ ስትደውሉ በ«ሌባ» አትጀምሩ፣ ስልኩን ይዘጋባችኋል። ያመጣቸውን ሰዎች ስምና ስልክ ብቻ ጠይቁት። ጎረቤት ካሜራ ካለው ዛሬውኑ ለምኑት፤ ካሜራው በአሮጌው ላይ እየደረበ ይቀዳል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። የወርቅ ቤቱን ደረሰኝ ያዙ፣ ግራሙና ካራቱ አለበት። ደረሰኝ ከሌለ ሀብሉ አንገት ላይ የሚታይበት የሰርግ ፎቶም ይጠቅማል።

ቃል ስትሰጡ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። «ሴትዮዋ ወሰደች» ሌላ፣ «ሴትዮዋ መኝታ ቤት ብቻዋን ገብታ ነበር» ሌላ። ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ! የስም ማጥፋት ክስ እናንተው ላይ ሊዞር ይችላል።