ሕልም መሆኑን እያወቁ ለማለም ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተኝቶ እያለ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር፣ ሐል ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ከሕልሙ ውስጥ አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ዓይኑን ግራና ቀኝ ሲያንቀሳቅስ በመሣሪያ መዝግቧል። ሞክረው የሚተዉት ግን ብዙ ናቸው።

ማታ ገና እንደተኙ መሞከር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሌሊቱ መጀመሪያ የጥልቅ እንቅልፍ ነው። ዓይን ከቆቡ ሥር የሚርገበገብበትና ሕልም የሚደራበት፣ አርኢኤም የሚባለው ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመጣል፤ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል፣ ወደ ንጋት ግን ይረዝማል። ስለዚህ ለ5 ሰዓታት ያህል ከተኙ በኋላ በደወል ይንቁ። ያቋረጡትን ሕልም ያስታውሱ። «ቀጥዬ ሳልም፣ ሕልም ላይ መሆኔን አስታውሳለሁ» እያሉ፣ ያንኑ ሕልም በዓይነ ሕሊናዎ ይመልሱና ሕልም መሆኑን የሚያውቁበትን ቅጽበት ይሳሉ። ቃሉን ብቻ መደጋገም አይበቃም። ስልክ ከከፈቱ ደግሞ እንቅልፉ ይሸሻል፤ ዘዴው ይበልጥ የሚሠራው ቶሎ ተመልሶ ለተኛ ሰው ነው።

በየሌሊቱ ደወል መሙላት። ቀን የተማሩትን አንጎል የሚያደራጀው በእንቅልፍ ነው፤ ጥልቁም አርኢኤሙም ድርሻ አላቸው። ለሕልም ብሎ እንቅልፍ መቁረስ ኪሳራ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት፣ ያውም በማግስቱ አርፍደው መተኛት ሲችሉ፣ ይበቃል። እንቅልፍ እምቢ የሚለው ወይም ሕልምና እውን የሚምታታበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ሳያስቡ መፈተሽ። አፍንጫን በጣት ይዞ፣ አፍ ዘግቶ ለመተንፈስ መሞከር ሕልም ላይ መሆንን ለመለየት ጥሩ ፈተና ነው፤ በሕልም ብዙ ጊዜ አየሩ እንደልብ ይገባል። ቀን ላይ በግዴለሽነት የሚያደርገው ሰው ግን ሕልሙም ውስጥ በግዴለሽነት አድርጎት ያልፋል። ከመፈተሽዎ በፊት «እዚህ እንዴት መጣሁ?» ብለው ከልብ ይጠይቁ።

እንደነቁ መገላበጥ። ሕልሙ ይበተናል። ሳይንቀሳቀሱ ከመጨረሻው ትዕይንት ወደኋላ ያስታውሱ፣ ከዚያ ይጻፉ።

መቦረቅ ወይም መደንገጥ። ሕልም መሆኑን አውቆ በደስታ የዘለለ ወዲያው ይነቃል። እዚያው ሕልሙ ውስጥ እጅዎን ያፋትጉ፣ በአቅራቢያዎ ያለን ነገር ይዳስሱ። ነቅተው ሰውነት አልታዘዝ ቢል ዱካክ ነው፤ በአርኢኤም ጡንቻ ስለሚፈታ የሚመጣ እንጂ አደጋ የለውም። በእርጋታ ይተንፍሱ፣ ይለቃል።

አዲስ ትምህርት ከሕልም መጠበቅ። ያላነበቡትን መጽሐፍ ሕልም አያነብልዎትም። የሚያዋጣው በእውን የጀመሩትን እንቅስቃሴ መለማመድ ነው። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሕልማቸው ሳንቲም ወደ ኩባያ መወርወር የተለማመዱ ሰዎች ሲነቁ ዒላማቸው ተሻሽሏል። በኋላ በዳርት (ትንሽ ቀስት በእጅ ወደ ሰሌዳ በሚወረወርበት ጨዋታ) ሲሞከር ግን የተሻሻሉት በሕልሙ ውስጥ ብዙም ያልተዘናጉት ናቸው። እንግዲህ አንድ አጭር እንቅስቃሴ ይምረጡ፤ መብረሩን ለሌላ ሌሊት ያቆዩት።