የአሮጌ ሞዴል ሎኮሞቲቭ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ ሞዴል ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም በትንሹ የተሠራ የባቡር መሳቢያ፣ እጁ የገባ ሰው የመጀመሪያ ጉጉቱ ሐዲድ ላይ አስቀምጦ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። እኔ እንደማየው ብዙዎቹ የሚበላሹት በእርጅና ሳይሆን በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራውና ለየትኛው ዓይነት ኤሌክትሪክ እንደሠራው ሳይታወቅ ይሞከራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ጥገና የሚጀምረው የሎኮሞቲቩን ማንነት ከማወቅ ነው። ለሥራው ቴስተር፣ አጉሊ መነጽር፣ ካሊፐርና ልኩ የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደ ንብ ይጮኻል እንጂ አይንቀሳቀስም

ሎኮሞቲቩ ባለበት እየተንቀጠቀጠ የሚጮህ፣ ጎማው ግን የማይዞር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኤሌክትሪኩ ዓይነት ነው። ብዙ ጀማሪዎች መሐል ላይ ሦስተኛ ሐዲድ ያለው ባቡር ሁሉ በተለዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በኤሲ፣ የሚሠራ ይመስላቸዋል። የጀርመኑ ሜርክሊን በ1935 ያወጣው የጠረጴዛ ባቡርና የአሜሪካው ላዮኔል በእርግጥ ለኤሲ የተሠሩ ናቸው። የእንግሊዙ ሆርንቢ ደብሎ ግን በ1938 ገበያ ሲገባ ሦስት ሐዲድ ይዞ በ12 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በማይቀያየር ኤሌክትሪክ፣ የሚሠራ ነበር፤ ወደ ሁለት ሐዲድ የተሸጋገረውም በ1959 ነው። የደብሎ ሞተር ቋሚ ማግኔት ስላለው ኤሲ ሲሰጠው አቅጣጫው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይገለባበጥበታል፤ በዚህም ባለበት ይንቀጠቀጣል፣ ጥቅል ሽቦው ይግላል፣ ማግኔቱም እየደከመ ይሄዳል።

መፍትሄው ወዲያውኑ ኤሌክትሪኩን አቋርጦ ሽፋኑን መክፈት ነው። በሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል፣ ማለትም በሮተሩ፣ ዙሪያ ያለው ብረት ራሱ ሽቦ ተጠቅልሎበት ከተገኘ ሞተሩ ለኤሲ የተሠራ ነው። ሽቦ የሌለው ድፍን ብረት ሆኖ መርፌ ሲያስጠጉት የሚስብ ከሆነ ግን ማግኔት ነውና ሎኮሞቲቩ ዲሲ ብቻ ይሰጠው። በተቃራኒው የድሮ ሜርክሊን በሁለት ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ ጎማዎቹ እርስ በርስ ስላልተከለሉ ሾርት ያደርጋል። ከሆዱ ሥር እንደ ማንኪያ የተንጠለጠለው ረጅም የብረት ተንሸራታች የሚያመለክተው የመሐል ሐዲድ የሚፈልግ መሆኑን ነው።

ትራንስፎርመሩ ይሸታል ወይም ከመጠን በላይ ይሞቃል

ይህ ችግር በተለይ ከአሜሪካ በሻንጣ ተይዞ በመጣ የላዮኔል ስብስብ ላይ ይታያል። እዚያ የተሸጠው ትራንስፎርመር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በኢትዮጵያም ሆነ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቴጅ የሚቀንስ መሣሪያ ቢጨመርም ኸርዙን አይለውጠውም፤ ለ60 ኸርዝ የታሰበ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ለአጭር ሙከራ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። የተሻለው በአገሩ ኤሌክትሪክ የሚሠራና ተመጣጣኝ የኤሲ ቮልቴጅ የሚያወጣ አዲስ ትራንስፎርመር መግዛት ነው። የአሮጌው ትራንስፎርመር ገመድ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ በቴፕ ጠቅልሎ መጠቀም ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። መደርደሪያ ላይ ለታሪክነቱ ይቀመጥ።

ጎማው በእጅ ሲገፋ ይከብዳል፤ ሞተሩ ያቃስታል

ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ኤሌክትሪክ መጨመር የማርሾቹን ጥርሶች ይሰብራል ወይም ጥቅል ሽቦውን ያቃጥላል። የደረቀውን ዘይት በጥቂት የላይተር ቤንዚን አርጥቦ በስቴኪኒ መፋቅ፣ ቤንዚኑ ፈጽሞ እስኪተንና ሽታው እስኪጠፋ መጠበቅ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ የጎማ ዘንግ መቀመጫ ላይ በመርፌ ጫፍ የምትያዝ አንዲት የቀጭን ዘይት ጠብታ ማድረግ በቂ ነው። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን የሚነካውን የሮተሩን ክፍል፣ ኮሙቴተሩን፣ ግን ዘይት እንዳያገኘው ይጠንቀቁ። የዛገ ብሎን ለመፍታት የሚረጨውን ፈሳሽም እንደ ቅባት አይጠቀሙበት፤ ቀለሙን ሊጎዳና ቆሻሻ ሊሰበስብ ይችላል። የድሮ ሜርክሊን ሞተር አንደኛው ወገን ካርቦን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመዳብ ሽቦ የተሸመነ ብሩሽ ስላለው ሁለቱ የማይመሳሰሉት ተበላሽተው አይደለም፤ ሲቀየሩም እንደነበሩበት መመለስ አለባቸው።

ወደ ኋላ እንዲሄድ ሲታዘዝ ወደ ፊት ይፈናጠራል

የድሮው ሜርክሊን ከ1938 ጀምሮ አቅጣጫ የሚያስቀይረው ለአፍታ ከፍ ያለ ቮልቴጅ በመስጠት ነው። ለጉዞ እስከ 16 ቮልት ድረስ ይሰጣል፤ 24 ቮልት ያህል ሲላክ ግን በውስጡ ያለው መቀያየሪያ ተስቦ አቅጣጫውን ይገለብጣል። መቀያየሪያውን የሚይዘው ቀጭን ሞላ በጣም ከተወጠረ ትእዛዙ ሳይፈጸም ሎኮሞቲቩ በዚያው ጉልበት ይፈናጠራል፤ ከላላ ደግሞ ገና በጉዞ ላይ እያለ ራሱን ይገለብጣል። ሞላውን ማስተካከል የሚቻለው የተሰቀለበትን ጆሮ በወረንጦ በጥቂቱ በማጠፍ ነው፤ ራሱን ሞላውን መለጠጥ ግን መመለሻ የለውም። እኔ አንዱን የለጠጥኩት ትዕግሥት አጥቼ ነበር፤ ምትኩን ለማግኘት አራት ወር ፈጅቶብኛል። ሞላውን ከመንካት በፊት ትራንስፎርመሩን መለካትም ይገባል፤ ለ220 ቮልት የተሠራ አሮጌ ትራንስፎርመር ዛሬ 230 ቮልት ሲገባበት የሚያወጣው ሁሉ በዚያው ልክ ከፍ ይላልና።

ባዶውን ይሮጣል፣ ፉርጎ ሲጎትት ግን ይሞቃልና ይደክማል

ጽዳቱም ካርቦኑም ደህና ሆኖ የሆርንቢ ደብሎ ሎኮሞቲቭ እንዲህ ካደረገ ማግኔቱ ደክሟል ማለት ነው። መንስኤው ቀደም ሲል የተጠቀሰው ኤሲ፣ ዕድሜ፣ ወይም ብዙ ጊዜ የጠጋኙ እጅ ነው። ሮተሩ ሲወጣ በማግኔቱ ሁለት ጫፎች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህም በአሮጌዎቹ ማግኔቶች ላይ ጉልበታቸውን ያሳጣል። ስለዚህ ሮተሩ የግድ መውጣት ካለበት በቦታው ቁራጭ ብረት እየገባ ይውጣ። የደከመውን ማግኔት እንደገና የሚሞሉ ጠጋኞች አሉ።

ገላው ይሰነጠቃል፣ ያብጣል ወይም ይፈረፈራል

ከሁሉም ችግሮች ይህ ይከፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዚንክ ቅይጥ ተቀልጦ የተቀዳ ገላ፣ ሻንሲ ወይም ጎማ በላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ወድቆ የተሰበረ ይመስላቸዋል። የወደቀ ሎኮሞቲቭ ግን ስብራቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መጠኑም አይለወጥም። የዚንክ መበስበስ ያገኘው በሁሉም አቅጣጫ ያድጋል። ጎማውን በካሊፐር በሁለት ሦስት ቦታ ሲለኩት ክቡ እኩል ሆኖ አይገኝም፤ ሻንሲው ረዝሞ ሽፋኑ አልወጣ ይላል፤ ያበጠ ጎማም ከሐዲድ ይወጣል።

መንስኤው በቅይጡ ውስጥ የገባ ቆሻሻ፣ በተለይም እርሳስ፣ ቆርቆሮና ካድሚየም ነው። በዚያ ዘመን ቀላጮች ፍርፋሪ ብረት ሁሉ ወደ ድስቱ ይጨምሩ ስለነበር ቅይጡን ለማበላሸት ጥቂት እርሳስ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ እርጥበትና ሙቀት በብረቱ ቅንጣቶች ወሰን በኩል እየገቡ ከውስጥ ይበሉታል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ዚንክ ኩባንያ በ1929 እጅግ ንጹሕ ዚንክ የሚጠይቀውን ዛማክ የተባለ ቅይጥ አቅርቦ ነበር፤ ንጽሕናው ግን በየፋብሪካው አልተጠበቀም። ስለዚህ በ1937 የወጣው የላዮኔል 700ኢ ሐድሰን፣ ያን የመሰለ ድንቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ከጦርነቱ በፊት የነበሩ የሜርክሊን ገላዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

መዳኛ የለውም። ሙጫ ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ እድገቱን አያቆምም፤ ቀለም መቀባትም ገዢን ከማታለል ያለፈ ጥቅም የለውም። ሊደረግ የሚቻለው ሎኮሞቲቩን ቀዝቀዝ ባለ፣ ደረቅና የሙቀት መለዋወጥ በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ኮርኒስ ለዚህ ከሁሉም የከፋው ነው። የበሰበሰ ጎማ በብረት ወይም በናስ ምትክ ሊቀየር ይችላል። ሽፋኑ ከተጣበቀ በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ መሞከር ማድቀቅ ነው፤ እንዳለ መተው ይሻላል። አንዱ ሎኮሞቲቭ በአጠገቡ ወዳለው ያስተላልፋል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ በሽታው ከቀለጠበት ቀን ጀምሮ በውስጡ ያለ ነው። በውስጥ የተቀመጠ የእርሳስ ክብደት ነጭ ዱቄት ሲያወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዱቄቱ መርዛም ስለሆነ በአፍ እፍ አይባልም፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይጣላል።

ቁጥሩ በየትኛውም ካታሎግ አይገኝም

ታሪክ ለመፈለግ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የፋብሪካው የሞዴል ቁጥር አድርጎ ሲፈልግ ነው። ያ ቁጥር የእውነተኛው ባቡር ነው። ከላይ የተጠቀሰው 700ኢ በጎኑ ላይ የሚነበበው 5344 ነው፤ ይህም የኒው ዮርክ ሴንትራል ሎኮሞቲቭ መለያ ነበር። ሞዴሉ የተሠራበትን ዘመንም ከእውነተኛው ባቡር ታሪክ በቀጥታ መገመት ያሳስታል። እውነተኛው 5344 በ1934 ኮሞዶር ቫንደርቢልት ተብሎ ነፋስ የሚሰነጥቅ ልሙጥ ሽፋን ለብሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በ1937 የወጣው ሞዴል ግን የሚያሳየው ሽፋን የሌለውን መልክ ነው።

አንዳንዴ ግን ቁጥሩ ራሱ ይረዳል። የሆርንቢ ደብሎው «ሰር ናይጀል ግሬስሊ» 4498 የሚል ከሆነ ከጦርነቱ በፊት በነበረው መልኩ የተዘጋጀ ነው። 7 የሚል ከሆነ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው፤ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ በ1946 ቁጥሩ ተቀይሮለታልና። ሜርክሊን ላይ ደግሞ በፊደልና በቁጥር የተጻፈ መለያ፣ ለምሳሌ ሲሲኤስ 800፣ ከ1957 በፊት ያለውን ዘመን ያመለክታል። ይህ ሞዴል፣ በስዊዘርላንድ የጎትሃርድ መስመር ላይ የሠራውና አዞ የሚል ቅጽል ያለው ሎኮሞቲቭ፣ በ1947 ወጥቶ በ1957 መለያው 3015 ሆኗል። ከሆዱ ሥር ያለውን ጽሑፍም በአጉሊ መነጽር ያንብቡ። «ዩ.ኤስ. ዞን ጀርመኒ» የሚለው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከነበሩት ጥቂት ዓመታት ነው፤ «ዌስተርን ጀርመኒ» የሚለው ከ1949 በፊት ሊሆን አይችልም። ላዮኔል ኮርፖሬሽን የሚለው ስም ያለበት ዕቃ ከ1918 በፊት የተሠራ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስሙ ላዮኔል ማኑፋክቸሪንግ ካምፓኒ ነበርና።

ካርቶኑ ከተገኘ በላዩ ያለው የሱቅ ቲኬትና በእርሳስ የተጻፈ ዋጋ ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን ካርቶን ከሎኮሞቲቭ ይልቅ ይቀያየራል። ስለዚህ ካርቶኑን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ዳኛ አልቆጥረውም። የሸጠልዎትን ሰው፣ በተለይ ዕቃው የአባቱ ወይም የአያቱ ከሆነ፣ መቼና የት እንደተገዛ ጠይቀው በዚያው ቀን ይጻፉት።

ለዕድሜው ከመጠን በላይ አዲስ ይመስላል

መንስኤው እንደገና መቀባት ወይም ከብዙ ሎኮሞቲቮች የተሰበሰበ ክፍል መገጣጠም ሊሆን ይችላል። የብሎኖቹ ራስ ተፍቆ ሳለ በዙሪያቸው ያለው ቀለም ምንም ያልተነካ ከሆነ፣ ከፋብሪካ በኋላ የተቀባ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አዲስ ቀለምና ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌው የተለየ ቀለም ያንጸባርቃል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለማጣራት ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም።

የኛን ባቡር በሚመለከት አንድ ነገር ላክል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይህ በ1፡87 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሞዴል ሠሪዎች 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይጠቀሙበታል። በዚያው ልክ የተሠራ የለገሃር ሎኮሞቲቭ ነው ተብሎ የቀረበልዎት ሞዴል በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ከሆነ ከሌላ አገር ባቡር ላይ ስም ተለጥፎበታል፤ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ይለኩ።