ስለ ቨርናቻ ዲ ሳን ጂሚኛኖ ሲወራም ሲጠጣም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጣሊያኗ ቶስካና በዋናነት የቀይ ወይን ጠጅ አገር ናት፤ ኪያንቲም ሆነ ብሩኔሎ የሚጠመቁት ሳንጆቬዜ ከተባለው ጥቁር የወይን ዝርያ ነው። በሲዬና አውራጃ፣ በረጃጅም የድንጋይ ማማዎቿ የምትታወቀው ሳን ጂሚኛኖ ግን ስሟን ያስጠራችው ቨርናቻ በተባለ ነጭ ወይን ጠጅ ነው። የከተማዋ የቀረጥ ደንብ ወደ ውጭ በሚወጣው ቨርናቻ ላይ ግብር መጣሉን የሚያሳየው መዝገብ የ1276 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ወይን ጠጅ ዙሪያውን ብዙ ወሬ መሰብሰቡ አይደንቅም፤ ከወሬው ጥቂቱ ትክክል አይደለም፣ ከአጠጣጡም ጥቂቱ ወይኑን ይበድለዋል።

በብዛት የሚሰማው ስህተት የጣሊያናዊውን ገጣሚ የዳንቴን ምስክርነት ያለ ማመንታት ለሳን ጂሚኛኖ መስጠት ነው። ዳንቴ በ«ፑርጋቶሪዮ» 24ኛ ክፍል፣ ነፍሳት ከኃጢአታቸው በሚነጹበት ተራራ ላይ፣ የሮማውን ሊቀ ጳጳሳት ማርቲን 4ኛን በሆዳሞች መካከል ያሳየናል፤ አባታችን በቦልሴና ሐይቅ እባብ መሰል ዓሣና በቨርናቻ የሠሩትን ኃጢአት እዚያ በጾም ይከፍላሉ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ የወይን ሻጮችም አይጠግቡትም። ይሁን እንጂ ገጣሚው ቨርናቻው ከየት እንደመጣ አልተናገረም። በዚያ ዘመን በሊጉሪያ የባሕር ዳርቻም ቨርናቻ ይጠመቅ ነበር፤ ደራሲው ቦካቾ «ዴካሜሮን» በተባለው የተረት መጽሐፉ አንድ የታመመ የገዳም አለቃ የተጋበዘውን ወይን ሲጠቅስ በግልጽ የኮርኒሊያ ቨርናቻ ይለዋል፣ ኮርኒሊያ ደግሞ በሊጉሪያ የምትገኝ መንደር ናት። ስለዚህ የዳንቴን ስንኝ ስለ ቨርናቻ ዝና ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ያስኬዳል፤ የአንድ ከተማ የባለቤትነት ሰነድ ማድረግ ግን አያስኬድም። የሳን ጂሚኛኖን አካባቢ ወይን ለይቶ የሚያነሣ ምስክር የሚፈልግ ሰው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1685 ባሳተመው ግጥም ውስጥ ያገኘዋል፤ ሬዲ በከተማዋ አቅራቢያ ካለው ከፒዬትራፊታ የተለቀመውን ቨርናቻ የማይወድ ሰው ካለ ተረግሞ ከፊቴ ይጥፋ ይላል። በእኔ ግምት ከዳንቴ ይልቅ ይህ ይበልጥ ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ቨርናቻ «ይስማል፣ ይልሳል፣ ይነክሳል፣ ይቆነጥጣል፣ ይወጋል» የሚለውን አባባል ብዙዎች የታላቁ ቀራፂና ሠዓሊ የሚኬላንጄሎ ያደርጉታል። ተናጋሪው ግን በስም የሚጋራው የወንድሙ የልጅ ልጅ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ገጣሚ ሚኬላንጄሎ ታናሹ ነው። የባለቤቱ ስም ቢቀየርም አባባሉ ስለ ወይኑ የሚሰጠው መግለጫ ትክክል ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቨርናቻ የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት ወይን ይመስለዋል፤ አይደለም። በሰርዴኛ ደሴት የሚሠራው የኦሪስታኖ ቨርናቻ በበርሜል ውስጥ ከአየር ጋር እየተነካካ፣ በላዩ የእርሾ ሽፋን እየያዘ የሚያረጅ፣ የስፔኑን ሼሪ የሚያስታውስ ወይን ነው። በማርኬ ክልል ያለው የሴራፔትሮና ቨርናቻ ደግሞ ቀይ ሆኖ አረፋማ ነው። ሁለቱም ከሳን ጂሚኛኖው ዝርያ ጋር አይገናኙም፤ ስለዚህ ለእራት ደረቅ ነጭ ወይን የፈለገ ሰው የከተማዋን ስም አይቶ መግዛት አለበት።

አንዳንድ ጽሑፎች ይህ ወይን በጣሊያን የመጀመሪያውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ ይላሉ። ቨርናቻ ዲ ሳን ጂሚኛኖ በ1966 ከጣሊያን ወይኖች ቀድሞ ያገኘው ዲ.ኦ.ሲ. የተባለውን የመነሻ ቦታ ጥበቃ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ያገኘው በ1993 ሲሆን፣ ከነጭ ወይኖች በዚህ ማዕረግ የቀደመው የሮማኛው አልባና ነው።

ዋናው ስህተት ግን ብርጭቆው ላይ የሚፈጸመው ነው፤ ምሬቱን እንደ ጉድለት መቁጠር። ወጣት ቨርናቻ ሲቀዳ የገለባ ቀለም አለው፣ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ጠርዙ ላይ ስስ አረንጓዴ ይታያል። አፍንጫ ሲቀርብለት ቶሎ አይናገርም፤ እንደ ሙስካት ወይም እንደ ሶቪኞን ብላን ከሩቅ የሚጣራ የአበባ ሽታ የለውም። ቀስ ብሎ የአረንጓዴ ፖም፣ የሎሚ ልጣጭና ዝናብ የነካው ድንጋይ ሽታ ይመጣል። በአፍ ኮምጣጣነቱ ቀጥ ያለ ነው፣ መካከሉ ላይ ጨው የሚመስል ነገር ይሰማል፣ ከተዋጠ በኋላ ደግሞ የመራራ አልሞንድ ጣዕም ምላስ ላይ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ምሬት የዝርያው መለያ ነው፤ ጌሾ ለጠጅ እንደሚያደርግለት ሁሉ ጣዕሙን ሰብስቦ ያቆመዋል። «ይነክሳል፣ ይወጋል» ያለው ገጣሚ የተናገረው ይህንኑ ይመስለኛል። ወይኑ የሚበቅልበት ኮረብታ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት፣ በፕሊዮሲን ዘመን፣ ባሕር የነበረ ሲሆን፣ መሬቱ ቢጫ አሸዋና ሸክላ የተቀላቀለበት ነው፤ በወይን ረድፎች መካከል የጥንት ቀንድ አውጣና የኦይስተር ቅርፊት ይገኛል። ብዙ ቀማሾች የጨዋማነት ስሜቱን ከዚህ አፈር ጋር ያያይዙታል። ምንጩ ያም ሆነ ሌላ፣ ጣዕሙ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ አለ፣ ሽታ ብቻ የሚፈልግ ጠጪ ግን ያልፈዋል።

ያን ጣዕም የሚገድለው ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው ነው። ነጭ ወይን ነው ተብሎ እስኪበርድ ድረስ ከቆየ ቨርናቻ ውኃና ኮምጣጣ ብቻ ይሆናል፤ ቀድሞም ዝምተኛ የሆነው ሽታው ጨርሶ ይዘጋል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፣ ሪዘርቫ የተባለው ያረጀ ዓይነቱ ትንሽ ሞቅ ቢል ደግሞ ይሻለዋል። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ማቆየት ቀላሉ መንገድ ነው።

ነጭ ወይን ሁሉ በዓመቱ መጠጣት አለበት የሚለው እምነትም እዚህ አይሠራም። ተራው ቨርናቻ ትኩስ እያለ ጥሩ መሆኑ እውነት ነው። ሪዘርቫ የሚባለው ግን በደንቡ መሠረት ከመሸጡ በፊት በመጥመቂያው 11 ወር፣ ከዚያም በጠርሙስ 3 ወር ይቆያል፤ ከጥሩ አምራች ከሆነ በቤት ጓዳ ለተጨማሪ ዓመታት ይቆይና ቀለሙ ወደ ወርቃማ፣ ጣዕሙ ወደ ማርና ወደ ባልጩት ድንጋይ ይሄዳል። ሪዘርቫ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ከፍቶ «ጠንካራ ነው» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። ተራውን ደግሞ ለልጅ ሠርግ ብሎ ማስቀመጥ በተቃራኒው ያው ስህተት ነው።

በጠርሙሱ ላይ ቨርናቻ ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ ያለው ሁሉ ቨርናቻ ነው ማለትም አይደለም። ደንቡ ቢያንስ 85 ከመቶ ይጠይቃል፤ ቀሪው ከሌሎች ሽታ ከማያበዙ ነጭ ዝርያዎች ሊመጣ ይችላል፣ ሶቪኞን ብላንና ሪዝሊንግ ግን ከ10 ከመቶ እንዳይበልጡ ተገድበዋል። የአበባና የሐሩር ፍሬ ሽታ የሚያሰማ ቨርናቻ ከገጠመ በአብዛኛው ምክንያቱ ይኸው ቅልቅል ወይም የመጥመቂያ ዘዴው ነው። ከአዲስ በርሜል የሚመጣ የቫኒላ ሽታም እንዲሁ የአምራቹ ምርጫ ነው፤ ለእኔ አልሞንዱን ስለሚሸፍነው አይመቸኝም፣ የሚወደው ሰው ግን አይጠፋም።

ለዓሣ ብቻ የሚል ልማድም አለ። በአካባቢው ከዶሮና ከጥንቸል ሥጋ፣ ከፔኮሪኖ አይብ፣ ከፌኔል ዘር ጋር ከተቀመመ ቋሊማ ጋር ይቀርባል። ሳን ጂሚኛኖ ራሷ በመካከለኛው ዘመን የበለጸገችው በሳፍሮን ንግድ ጭምር ስለሆነ በሳፍሮን የተሠራ ሩዝ ከቨርናቻ ጋር መቅረቡ የቆየ ጉርብትና አለው። የማይስማማው ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ያለበት ምግብ ምሬቱን ያጎላዋል፣ ወይኑንም ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል።

በመጨረሻ ስለ አገዛዝ። ማማዎቹ የተሳሉበት ማራኪ ወረቀት ጥራትን አያሳይም፤ በቱሪስት በተጨናነቁት የከተማዋ መንገዶች ዳር በፀሐይ መስኮት ውስጥ የቆመ ጠርሙስ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ሲጎዱት ነው የከረመው። መታየት ያለባቸው በአንገቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ያለው የዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ወረቀት፣ የለቀማው ዓመት እና ወይኑን ያሸገው የአምራቹ ስም ናቸው። አምራቹ ራሱ ወይኑን አብቅሎና ጠምቆ ያሸገ እንደሆነ ይህ በጠርሙሱ ጀርባ ይጻፋል፣ ከሁለት እኩል ዋጋ ካላቸው ጠርሙሶች መካከልም እኔ ሁልጊዜ ያንን እመርጣለሁ።