ኢኳላይዘር ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዳራሽ የድምፅ ዝግጅት ላይ ከሚታዩት ስህተቶች የሚብሰው፣ ሞንታርቦዎቹ የቆሙበት ቦታ ሳይታይ ኢኳላይዘሩን፣ ማለትም ወፍራሙን (ቤዝ)፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን (ትሬብል) ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ፣ መነካካት ነው። ጥግ ላይ የተለጠፈ ሞንታርቦ ቤዙ ከልክ በላይ ይጎላል፤ ከተናጋሪው ኋላ ሆኖ ወደ ማይኩ የዞረ ደግሞ ማፏጨቱ አይቀርም። ይህን ከኢኳላይዘር ይልቅ ቦታ በመቀየር ማስተካከል ይሻላል።

ጎደለ የተባለውን ሁሉ በመጨመር ለመሙላት መሞከርም ዋጋ ያስከፍላል። አንድን ፍሪኩዌንሲ (በኸርዝ የሚለካ የድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት ደረጃ) በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ማድረግ በዚያ ክልል ከአምፕሊፋየሩ የሚጠየቀውን ኃይል እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል ሲሆን ደግሞ 10 እጥፍ ያደርገዋል፤ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁ ይሻክራል፣ ስፒከሩም ሊቃጠል ይችላል። የተናጋሪው ድምፅ ከታፈነ ትሬብል ከመጨመር ይልቅ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል መቀነስ ብዙ ጊዜ ቃላቱን ያጠራቸዋል።

ባለሙያን ሳይቀር የሚያሳስተው ግን ክፍሉ ራሱ የሚፈጥረው ጉድለት ነው። በ4 ሜትር ርቀት ትይዩ በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ሲመላለስ ግድግዳዎቹ አጠገብ ይገዝፋል፣ መሐል ላይ ይጠፋል። መሐል የቆመው ሰው ቤዝ የለም ብሎ ሲጨምር፣ የሚመጣውም ተመልሶ የሚሰርዘውም ሞገድ እኩል ስለሚያድግ ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል፤ ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠው አድማጭ ግን ይደነቁራል። ስለዚህ ምንም ከመንካት በፊት ክፍሉን እየተዘዋወሩ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ማይክ ሲያፏጭ ድምፁን በ31 ክፍል ከፍሎ በሚቆጣጠረው ባለ 31 ባንድ ኢኳላይዘር ላይ አንዱን ከሌላው እያስከተሉ ማውረድ የተለመደ ነው፤ ውጤቱም ሕይወት የሌለው፣ ከስልክ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። የሚያፏጨውን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ በጠባቡ መቀነስ ይበቃል።

መካከለኛውን ድምፅ አውርዶ ቤዝና ትሬብሉን መስቀል በዝቅተኛ ድምፅ ያስደስት ይሆናል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን የዘፋኙን ቃል ይውጠዋል። ጆሮ የጎላውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ስለሚቆጥርም፣ ኢኳላይዘሩን እያበሩና እያጠፉ ሲያነጻጽሩ የድምፁ መጠን እኩል መሆን አለበት።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተሠራውን ማስተካከያ እንደ መጨረሻ መቁጠርም አይገባም፤ የታዳሚው አካልና ልብስ ትሬብሉን ስለሚመጥ፣ ሕዝቡ ከገባ በኋላ እንደገና አዳምጦ መለስ ቀለስ ማድረግ ያስፈልጋል።