ሼሩ (በኔትወርክ የሚጋራው ፎልደር) «አንዳንዴ ይከፍታል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ሲባል ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። 9 ኮምፒውተር አላቸው። 6ቱ ዊንዶውስ፣ 2ቱ ማክ፣ አንዱ ደግሞ ኡቡንቱ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ የቢሮው ፋይል በሙሉ የሚቀመጠውም እሱ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ አገልጋይ የምለው እሱን ነው። ገና ከበሩ ሳልዘልቅ ጸሐፊዋ «ወንድም ዓለም፣ ይሄ ሼር ሊገድለን ነው። ጠዋት ይከፍታል፣ ከሰዓት እምቢ ይላል፣ በማግሥቱ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይሠራል» አለችኝ። ሒሳብ ሠራተኛው ጥፋቱ የስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ነው ብሎ ደምድሟል። አዲስ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ዋጋ እየጠየቀ ነበር። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ለሚመጣ ዕቃ ብር ከማውጣት በፊት የድሮው በእርግጥ መሞቱን ማየት ያስፈልጋል። ስዊቹ ደህና ነበር።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ደብተር አምጡ። አገልጋዩ ኮምፒውተር አጠገብ አስቀምጡና ሼር እምቢ ባለ ቁጥር ሠራተኛው አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው ኮምፒውተር፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ምን ይላል፣ ከዚያ በፊት ምን ተፈጥሮ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነበር? አፕዴት ተደርጎ ነበር? አዲስ ሰው ገብቶ ነበር? ሦስት ቀን ይበቃል።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። በዚያ ቢሮ ደብተሩን ሳነበው «ሼር አይሠራም» የተባለው አንድ ችግር አልነበረም። ሦስት የተለያዩ ችግሮች አንድ ስም ወጥቶላቸው ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አንዱን በትክክል ያስተካክላል፣ ሁለቱ ስለቀሩ አሁንም እምቢ ይላል፣ ስለዚህ «ይሄም አልሆነም» ብሎ ያስተካከለውን መልሶ ያፈርሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ደብተሩ ላይ ጻፉት፣ አንድ ቀን ጠብቁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ከተቸገረው ኮምፒውተር ላይ አገልጋዩን ፒንግ አድርጉት፣ ማለትም «አለህ?» የሚል ትንሽ መልእክት ልካችሁ መልሱን ጠብቁ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ፒንግ ብላችሁ የአገልጋዩን አይፒ ቁጥር (በኔትወርኩ ላይ ያለውን አድራሻ) ጻፉ። ዊንዶውስ 4 ጊዜ ብቻ ልኮ ያቆማል፣ ይሄ ደግሞ አንዳንዴ ለሚመጣ ችግር አይበቃም፤ መጨረሻው ላይ ሰረዝና ቲ የምትለዋን ፊደል ጨምሩ፣ እስክታስቆሙት ይልካል። ማክና ኡቡንቱ ግን ራሳቸው ሳያቋርጡ ይልካሉ፣ ኮንትሮልና ሲ ስትጫኑ ይቆማሉ። በኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር በጤናው ቀን ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች መልስ ያገኛል። መልሱ በመሐል በመሐል የሚቋረጥ ከሆነ ስለ ፓስወርድና ስለ ፎልደር ፈቃድ ማሰብ ገና ነው፣ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከዋይፋዩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ጥበቃ) ፒንግን ሊከለክል ስለሚችል፣ ዊንዶውስ አገልጋይ ዝም ቢል ሞቷል አትበሉ፣ ራውተሩንም ፒንግ አድርጋችሁ አወዳድሩ።

የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ፒንጉን ለቅቄ ቁጭ አልኩ። ለአሥር ደቂቃ አንድም አልሳተ። ስልክ ተደወለላትና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስትስብ «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» (መልስ አልመጣም) ወጣ። ተነሥታ ስትሄድ ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጠረጴዛው እግር የኔትወርኩን ኬብል ከወለሉ ጋር ተጭኖታል፣ ላስቲኩ ተልጦ አንዱ ጥንድ ሽቦ ይታያል። ወንበሩ ጠረጴዛውን በነካ ቁጥር ሽቦው ይላቀቃል ማለት ነው። የዊንዶውሱ የኔትወርክ ሁኔታ ገጽ ላይ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ይላል፣ የሌሎቹ 1 ጊጋቢት ነው። ይሄ ቁጥር ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ጊጋቢት 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በ4 ሽቦ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ወደ 100 ከወረደ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት። ኬብሉን ቀየርን፣ ግድግዳውን አስጠግተን አሳለፍነው። የመጀመሪያው ችግር አለቀ።

ሁለተኛው የመብራት ነው። ጎጃም ክረምት ላይ ነጎድጓዱን ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሄዶ መምጣቱ አይቀርም። መብራት ሲመጣ ራውተሩም ኮምፒውተሮቹም እኩል ይነሣሉ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ አድራሻ ያድላል፤ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው አገልጋይ ዛሬ 192.168.1.8 ሊሆን ይችላል። ሰዎቹ ዴስክቶፓቸው ላይ ያለው አቋራጭ ግን አሁንም 5 ቁጥርን ይጠራል። አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል። በደብተሩ ላይ «መብራት መጥቶ» የሚለው ቃል ደጋግሞ መጻፉ ነው ይሄን ያሳየኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለአገልጋዩ ቋሚ አድራሻ አስይዙለት፣ ወይም ራሱ አገልጋዩ ላይ ቁጥሩን በእጅ ጻፉ። በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ ምረጡ። ለምሳሌ ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ ለአገልጋዩ 192.168.1.10 ስጡት። ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። አቅሙ ካለ ደግሞ አገልጋዩን ብቻ ሳይሆን ስዊቹንና ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ሰኩ። ስዊች የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፣ ብዙ ቢሮ ግን እሱን ይረሳዋል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ራውተር መኖሩንም እዩ። ዋይፋይ አልደርስ ሲል አንዱ ሠራተኛ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ይሰካል። አንዱ 192.168.1፣ ሌላው 192.168.0 ብሎ ሲያድል ሁለቱ ሰፈር አይተያይም። የእንግዳ ዋይፋይም ሆን ተብሎ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል። ደግሞ ይሄን ለሁሉም ንገሩ፦ ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ሼር ጠፋ ማለት አይደለም። የቢሮው ውስጥ ኔትወርክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መሥራትም አለበት። በኛ አካባቢ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ እየመለሰ ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ካልታየ አትደንግጡ። ያ ዝርዝር መፈተኛ አይደለም፣ ዘግይቶም ይሞላል። በቁጥር ጥሩት። ዊንዶውስ ላይ በፋይል ኤክስፕሎረሩ የአድራሻ መስመር ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበለ ስላሽ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ሆናችሁ ኮማንድና ኬ ተጭናችሁ ኤስኤምቢ (የፋይል ማጋሪያው ቋንቋ ስም፣ በእንግሊዝኛ smb)፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዚያ ቁጥሩን። በቁጥር ከከፈተ መንገዱም በሩም ደህና ነው፣ የተበላሸው ስም መፈለጊያው ብቻ ነው። ፋይሉን የሚያጋራው ዊንዶውስ ከሆነ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ እንዳልመደበው አረጋግጡ፤ «ፕራይቬት» መሆን አለበት። ራውተር ሲቀየር አዲስ ኔትወርክ ነው ብሎ ወደ ፐብሊክ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ጊዜ ፋየርዎሉን ጨርሶ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታጥፉት። ምደባውን ቀይሩ፣ ይበቃል።

ቀጥሎ ማንነት ነው። ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ የምታስገቡት ፒን ፓስወርድ አይደለም! ፒን ለዚያው ማሽን ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አያስገባም። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፋይል የሚያጋራው ሳምባ የራሱ ፓስወርድ አለው፤ የኡቡንቱውን ስትቀይሩ የሳምባው አብሮ ይቀየራል ብላችሁ አትጠብቁ። ማክ ፋይል አጋሪ ከሆነ በፋይል ማጋሪያው አማራጮች ውስጥ የዊንዶውስ ማጋሪያ በሚለው ሥር የተጠቃሚው ስም ምልክት ሊደረግበት ይገባል፣ አለዚያ ዊንዶውሶቹ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፉም ይመለሳሉ። ዊንዶውስ የድሮ ፓስወርድ አስታውሶ በዝምታ እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል ክሬደንሻል ማናጀር (ዊንዶውስ ፓስወርድ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ የአገልጋዩን አጥፉና እንደገና ግቡ። «ከአፕዴት በኋላ እምቢ አለ» የሚል ካለ ደግሞ ሼሩ ያለ ፓስወርድ የተከፈተ መሆኑን ጠይቁ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው 24ኤች2 ማሻሻያው የእንግዳ መግቢያን አይቀበልም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስምና ፓስወርድ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ይሄኛው የኛው የአማርኛ ጉዳይ ነው፣ ሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥም አታገኙትም። ማክ የያዙት ሁለቱ ልጆች የሚያስቀምጡት ፋይል ዊንዶውሶቹ ላይ አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም። ስሞቹን አየሁ። «የ2016 ዓ/ም ዕቅድ»፣ «የወ/ሮ ደብዳቤ»፣ «ለመ/ቤቱ የተላከ»። ስላሿን አያችሁ? ማክ ፋይንደር በፋይል ስም ውስጥ ይፈቅዳታል፣ ዊንዶውስ ግን ከሚከለክላቸው 9 ምልክቶች አንዷ ናት። ሁለት ነጥብንም ዊንዶውስ ይከለክላል፣ ኡቡንቱ ግን ይፈቅዳል፤ ከቁልፍ ሰሌዳው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ በቃላት መሐል የሚጽፍ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ስም ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ ወይ በማይነበብ ምልክት ይተካል፣ ወይ ተቆራርጦ በቲልዴ (~) እና በቁጥር ያልቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፎልደር ነው፦ «ሪፖርት 2016 ዓ.ም.» ብላችሁ በነጥብ ከጨረሳችሁት ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ቆርጦ ስለሚጥላት ፎልደሩን ፈልጎ አያገኘውም። ፋይል ከሆነ ከነጥቧ በኋላ ቅጥያ (እንደ .docx ያለው) ስለሚመጣ ይተርፋል።

ስለዚህ ዓ/ም የሚለውን «ዓም» ብላችሁ ጻፉ፣ ወ/ሮን «ወሮ»፣ በቀን መሐል ስላሽ ሳይሆን ሰረዝ። ሌላም አለ። ለእኛ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያየ ፊደል ነው። ሁለት ፎልደር ተከፍቶ ግማሹ ፋይል እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ «ፋይሉ ከሼር ላይ ጠፋ» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የፎልደር ስሞችን አንድ ሰው ብቻ ይክፈት፣ አጻጻፉ ተወስኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

መብራት በድንገት ሲሄድ የሚቀር አንድ ቆሻሻም አለ። ዎርድና ኤክሴል ፋይል ሲከፈት አጠገቡ የተደበቀ ትንሽ ፋይል ይፈጥራሉ፣ ሊብሬኦፊስም የራሱን። ሲዘጋ ይጠፋል። መብራት ከሄደ ግን ይቀራል፣ ከዚያ ማንም ያልከፈተው ፋይል «በሌላ ሰው ተይዟል» ይላል። ሁሉም መዝጋቱን ጠይቃችሁ ያቺን የተደበቀች ፋይል ብቻ አጥፉ። ዋናውን እንዳትነኩ።

ሰዓትም ይታይ። ኮምፒውተሩ 8 ሰዓት ሲል «እኛ 2 ሰዓት ነው የምንለው» ብለው ሰዓቱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ አሉ። የአንዱ ፋይል ከሌላው በ6 ሰዓት ያረጀ ይመስላል፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ይጠፋችኋል፤ ዶሜይን (የሁሉንም መግቢያ አንድ አገልጋይ የሚቆጣጠርበት አሠራር) ያለበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ሲኖር መግባት ራሱ ሊከለከል ይችላል። ሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱን አትንኩ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን ካለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች።

የቆየ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር መላክ ካቃተው ምናልባት የሚያውቀው የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ስሪት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ያንን ዘግቶታል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያ አሮጌ በር ገብቶ ነው። ለአንድ ማሽን ብላችሁ የቢሮውን በር አትክፈቱ፣ ወደ ፍላሽ ስካን አድርጉ።

የማርቆሱ ቢሮ ስዊቹን አልገዛም። በዚያው ብር ዩፒኤስ ተገዛ። ደብተሩ አሁንም አገልጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ ባለፈው ስደውል ጸሐፊዋ የመጨረሻው የተጻፈበት ቀን መስከረም 12 እንደሆነ ነገረችኝ፣ እሱም የማክ ልጅ እንደገና ዓ/ም ብሎ ጽፎ ነው።