የትራክ ሶው ሀዲድ በቫኩም ሲያዝ፦ ችግር፣ መንስኤና መፍትሄ

የቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት ቤቶች የትራክ ሶውን (በሀዲድ ላይ እየተንሸራተተ ቦርድ የሚቆርጠውን መጋዝ) ሀዲድ በሞርሳ ማሰር ትተው በቫኩም ቦርዱ ላይ ማጣበቅ ሲጀምሩ ሥራቸው በእርግጥ ይፈጥናል፤ እኔ የምጠራው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሀዲዱ መንሸራተት ሲጀምር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሀዲዱ ሥር ዙሪያውን የተለጠፈው ማሸጊያ ጎማ ከቦርዱ ጋር ዝግ ክፍል ይፈጥራል፤ ፓምፑ ከዚያ ክፍል አየሩን ሲስብ የውጭው አየር ሀዲዱን ወደ ታች ይጫነዋል። ፓምፑ መሰካቱን፣ ቱቦው አለመታጠፉንና ማጣሪያው መጽዳቱን አንባቢው አስቀድሞ አይቷል ብዬ እነሳለሁ።

ጌጁ (የቫኩም መለኪያው) በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ አይደርስም

አዲስ አበባ ላይ ይህ ብልሽት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ጠለል 1.01 ባር የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 0.77 ባር አካባቢ ነው። በመሆኑም 0.8 ባር ቫኩም ይሰጣል የተባለ ፓምፕ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን እዚህ 0.6 ገደማ ላይ ይቆማል፤ የትኛውም ፓምፕ ቢሆን ከ0.77 አያልፍም፤ የሌለ አየር አይሳብምና። ያው ፓምፕ ድሬዳዋ ቢወርድ የተሻለ ቁጥር ያሳያል። ጤነኛ ፓምፖች «ደካማ ናቸው» ተብለው ወደ ሻጭ ሲመለሱ አይቻለሁ። የክፍሉ የውስጥ ወርድ 5 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ በ0.6 ባር 300 ኪሎ የሚያህል ጭነት ይገኛል፤ ይህ ለሀዲድ ይበቃል። የበለጠ ኃይል የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ከሚያሳድድ የክፍሉን ስፋት ይጨምር።

ጌጁ 0.3 ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ፓምፑ ሲዘጋ መርፌው ወዲያው ዜሮ ይገባል

ከሁሉም በላይ የምጠራው ለዚህ ነው፤ የሚጠራኝ ሰውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚወቅሰው ፓምፑን ነው። አንድ ካቢኔት ቤት ስደርስ ልጁ ገና ከበር ተቀብሎ «ጋሼ፣ ፓምፑ ሞቷል፤ ሌላ ልንገዛ ነው» አለኝ። ቱቦውን ከሀዲዱ ነቅዬ አፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩት፤ መርፌው በቅጽበት 0.6 ላይ ወጣ፣ ጣቴም ላይ ቀይ ክብ ምልክት ቀረ። ይህ አምስት ሰከንድ የማይፈጅ ፍተሻ ሳይደረግ ፓምፕ አይገዛ። ቱቦው ሲደፈን ቁጥሩ ከወጣ ፓምፑም ቱቦውም ጤነኛ ናቸው፤ ፍሳሹ ያለው ሀዲዱ ሥር ነው።

ሀዲዱን ገልብጬ ሳየው፣ አብሮት የመጣው ጎማ ተልጦ በምትኩ የፍራሽ ስፖንጅ በከተር ተቆርጦ በኮላ ተለጥፏል። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ስለሆኑ አየርን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። የሚፈለገው እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው የተዘጋበት፣ ሲጫኑት የሚተኛና ሲለቁት የሚመለስ የስፖንጅ ጎማ ነው። በሚገዙበት ጊዜ ቁራጩን ከንፈርዎ ላይ ገጥመው ይንፉበት፤ ትንፋሽዎ በወዲያኛው በኩል ከወጣ ይተዉት። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎትም ያው አይደለም።

ትክክለኛውን ጎማ ገዝተው አለጣጠፉን የሚያበላሹም ብዙ ናቸው። አራት ቁራጭ ቆርጠው ማዕዘኖቹ ላይ ያገናኙታል፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፣ አራቱ ተደምረው ቫኩሙን ይበሉታል። ጎማው ማዕዘኑን እየታጠፈ አንድ ወጥ ሆኖ ዙሪያውን መሄድ አለበት፤ መጋጠሚያውም አንድ ብቻ፣ በረጅሙ ጎን ላይ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ይሁን። ሲለጠፍ አይወጠር፤ ተወጥሮ የተለጠፈ ጎማ ውሎ አድሮ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና ፓምፑ ይወቀሳል።

ፍሳሹ በዓይን ካልታየ የሳሙና አረፋ አይጠቅምም። ይህ የመኪና ጎማ አይደለም፣ አየሩ የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው፤ አረፋው ከመነፋት ይልቅ ተስቦ ይጠፋል፣ ውሃውም ወደ ፓምፑ ይገባል። ሶፍት በቀጭኑ ቀድደው ከጎማው ጠርዝ አጠገብ በዝግታ ያሳልፉ፤ ጫፉ ወደ ሥር የተሳበበት ቦታ ፍሳሹ ነው። እጣን አጭሶ የሚፈልግም አጋጥሞኛል፤ የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ቦርድ) ብናኝ በሞላበት ቤት ፍም ይዞ መዞር ግን ከእብደት አይተናነስም።

ጎማው አዲስ፣ መጋጠሚያው ድፍን ሆኖ ቫኩሙ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቆረጣ በኋላ የሚወርድ ከሆነ መንስኤው ሰጋቱራ ነው። ከቺፑድ ላይ የተፈነጠረች አንዲት የሜላሚን ልባስ ስንጣሪ ጎማው ሥር ከገባች ትበቃለች። ሀዲዱ በተነሣ ቁጥር ቦርዱም ጎማውም በብሩሽ ይጠረጉ፤ የኮምፕሬሰር አየር አይነፋበት፣ ብናኙን ወደ መሳቢያው ቀዳዳ ይነዳዋልና። ሀዲዱ በጎማው አይቀመጥ፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በቫኩም ተጣብቆ አይደር። በቫኩም ተጣብቆ አይደር የምለው ደግሜ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የተጨፈለቀ ጎማ ጠዋት አይነሣም። የድሮ የብሎን ቀዳዳ ወይም ቀድሞ የተቆረጠ ሰርጥ ጎማውን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን።

ጌጁ ደህና ነው፤ ሀዲዱ ግን ይንሸራተታል

ጌጁ የሚናገረው ወደ ታች ስላለው ጭነት ብቻ ነው። መጋዙ ሲገፋ ወደ ጎንና ወደ ፊት የሚመጣውን ኃይል የሚቋቋመው የጎማውና የቦርዱ ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው ከጠፋ 300 ኪሎም አያድንም። ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። 2.44 ሜትር ርዝመት ያለው የሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍ ስቆርጥ ጌጁ ከ0.6 ንቅንቅ ሳይል መስመሩ መጨረሻ ላይ 3 ሚሊሜትር ስቶ ወጣ። ሀዲዱን ሳነሣ የቦርዱ መከላከያ ላስቲክ ከጎማው ጋር አብሮ ተነሣ፤ ለካ ሀዲዱ የተጣበቀው ላስቲኩን እንጂ ቦርዱን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሀዲዱ የሚያርፍበትን ያህል ላስቲክ በከተር ጭሬ ሳልልጥ አልጀምርም። ከተሩ ላስቲኩን እንጂ ቀለሙን እንዳይነካ በጣም ቀላል እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንስኤ መጋዙ እንዲንሸራተት ተብሎ ሀዲዱ ላይ የሚረጨው የሲሊኮን ስፕሬይ ነው። ጠብታው ቦርዱ ላይ ያርፋል፣ ጎማው ይቀባል፤ በኋላም በዚያ ቦታ ኮላም ቀለምም አይዝም። የረጨው ሰው ሀዲዱን ከነጎማው በአልኮል ይወልውል፤ ሲሊኮኑን የጠጣ ጎማ ከሆነ ደግሞ ይቀየር።

የቆረጣው ጠርዝ ይሰነጠራል ወይም ቀጥ ብሎ አይቆምም

ጎማው ወፍራም ወይም ደረቅ ነው። ሀዲዱን ከቦርዱ ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው በሀዲዱ ጠርዝ ላይ ያለው የስንጥር መከላከያ ላስቲክ ቆረጣውን አይነካም፤ አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለም መጋዙ ያጋድላል።

ጥሬ ኤምዲኤፍ ላይ አይዝም

ገጹ ያልተሸፈነ ኤምዲኤፍ አየር ያሳልፋል፤ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ) ማሽን ቤቶች ፊቱን ልጠው ሆን ብለው ቫኩም ማሳለፊያ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ትልቅ ፓምፕ ከሌለ ወደ ሞርሳ ይመለሱ። ቀጭን ኮምፔንሳቶም ወደ ክፍሉ ተስቦ ስለሚጎብጥ እንዲሁ ያድርጉ።

የቤት ቫኩም ክሊነር ተገጥሞ ነበር፤ አሁን ይሸታል

ተቃጥሏል። የቤት ቫኩም ክሊነር ከ0.2 ባር ብዙም አያልፍም፤ ብዙዎቹም ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በሚስቡት አየር ስለሆነ አፋቸው ሲደፈን ይግላሉ።

መብራት ሲጠፋ ሀዲዱ ይለቃል

ከፓምፑ ቀጥሎ ቱቦው ላይ ቼክ ቫልቭ (አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ካልተገጠመ፣ መጋዙ መዞሩን ሳያቆም ሀዲዱ ነጻ ይሆናል። መብራት በጠፋ ቅጽበት መጋዙን ከመስመሩ ሳያወጡ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ምላጩ ሲቆም ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማብሪያው ተቆልፎ የቀረ መጋዝ መብራት ሲመጣ በራሱ ይነሣልና። ፓምፑ እንደ ፍሪጅ ጠጋኞች ፓምፕ ዘይት የሚጠቀም ከሆነ ቫልቩ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል፦ ፓምፑ ሲቆም ዘይቱ በቱቦው ተስቦ ይወጣል። ነጭ ቦርድ ላይ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የዘይት እድፍ ካዩ ከዚያ ነው።