ድንበር ተሻግሮ የሚበር የግል ፓይለት በሬዲዮ ፈቃድ ረገድ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ናይሮቢ ለመብረር የተዘጋጀ ወዳጄ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ለገጣፎ ወዳለው ቤቴ የሰነዶቹን ማህደር ይዞ መጥቶ ገጽ በገጽ አየነው። እዚያ ያገኘኋቸው ጉድለቶች በሌሎች ፓይለቶችም ዘንድ የተለመዱ ናቸው።

ዋነኛው ስህተት የአውሮፕላኑን ሬዲዮ ፈቃድና በሬዲዮው የሚነጋገረውን ሰው ፈቃድ እንደ አንድ ሰነድ መቁጠር ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንቀጽ 30 ሁለቱንም ለየብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሁለቱንም የሚሰጠው አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው። የሬዲዮው ፈቃድ በአንቀጽ 29 መሠረት ከበራሪው አውሮፕላን ጋር መገኘት ስላለበት፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይጠቅምም።

ሁለተኛው በአገር ውስጥ ልማድ መተማመን ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገር ውስጥ ብቻ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን የሬዲዮ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ወደ ውጭ ለሚሻገር ግን ይህ ነፃነት አይሠራም።

የወዳጄን ማህደር የፈተነው ሦስተኛው ነው። አውሮፕላኑ ከኬንያ የተገዛ ስለነበረ፣ የምዝገባ ምልክቱ ከኬንያው «5ዋይ» ወደ ኢትዮጵያው «ኢቲ» ቢቀየርም የሬዲዮ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የቀድሞው ምልክት ነበር። ምዝገባው ሲቀየር ፈቃድ ሰጪው አገርም ስለሚቀየር፣ አሮጌው ወረቀት ማኅተሙ ቢያምርም ዋጋ የለውም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ደረጃንም መዘንጋት አይገባም፤ ደረጃ 4 (ለዓለም አቀፍ በረራ የሚያበቃው ዝቅተኛው ደረጃ) ያለው ፓይለት በየ3 ዓመቱ እንደገና መመዘን እንዳለበት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ይመክራል።

የመጨረሻው፣ አውሮፕላን ሲወድቅ የአደጋ ምልክት የሚልከውን መሣሪያ ኮድ አለመቀየር፣ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና። ሳተላይቶች ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚከታተሉት በ121.5 ሳይሆን በ406 ሜጋኸርዝ የሚላከውን የአደጋ ምልክት ሲሆን፣ በምልክቱ ውስጥ የአገር መለያ ቁጥር አለ፤ የኢትዮጵያ 624፣ የኬንያ 634 ነው። የወዳጄ መሣሪያ አሁንም 634 ይል ስለነበር፣ አውሮፕላኑ ቢወድቅ የባለቤቱን ስልክ የሚፈልጉት ናይሮቢ ይሆን ነበር። ኮዱ ተቀይሮ በአዲሱ ስም እስኪመዘገብ ድረስ ጉዞውን አራዘመው።